ስለ ደብተር

ባለፈው ዓመት በበጋ፥ በአዳማ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ከምትቀመጥ አንዲት ሴት ቆሎ ገዛሁ። ሱፍ የተቀላቀለበት ቆሎ ነበረ፤ ሴቲቱም በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እየቆረጠምሁ ወደ ቤቴ ሳዘግም ቆሎው አለቀና ወረቀቱን ልጥለው ጨበጥሁት። ነገር ግን ወደ 40 ዓመት ገደማ የተማሪ ደብተር ሲያርም የኖረ ሰው ጽሕፈቱን ሳያነብ ወረቀት መጣል አይሆንለትምና ዘርግቼ ተመለከትሁት።

የአንድ ልጅ የጂኦግራፊ ደብተር ቅጠል ነበረ። «የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች» የሚለውን ርእስ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አወፍሮ ጽፎታል፤ በርእሱ ግራና ቀኝም አንዳንድ አበባ ሥሎበታል። ከዚያ በታች ዝዋይን፥ ላንጋኖን፥ አብያታንና ሻላን እንደ ዶቃ በተርታ አድርጎ በየሆዳቸው ስማቸውን ጽፏል። መምህሩ በቀይ ቀለም «ሻላ ከላንጋኖ ይበልጣል» ብሎ አርሞታል። እውነትም ልጁ ላንጋኖን አስበልጦ ሥሎት ነበረ፤ ምናልባት ዋኝቶበት ያውቅ ይሆናል።

ተመልሼ «ልጄ፥ የዚህ ደብተር ሌላው ቅጠል የት ነው?» ብዬ ሴቲቱን ጠየቅኋት።

«ጋሼ፥ እኔ በኪሎ ነው የምገዛው፤ የማን እንደ ሆነ በምን ዐውቃለሁ? ደግሞ ዛሬ ጠዋት ብዙ ሰው ቆሎ ገዝቷል» አለችኝ።

በሴቲቱ አልፈረድሁም። የሚፈረድበት ሌላ ሰው አለ፤ እርሱንም በቦታው እናገራለሁ።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ስለ ደብተር ልጽፍላችሁ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። የምነግራችሁም ስለ ነገሥታት መዝገብ ሳይሆን፥ ልጆችና ተራ ሰዎች በእጃቸው ጽፈው በእጃቸው ስላስጌጡት ደብተር ነው፤ ይልቁንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ አገር ስለ ተጻፈው። «ፈረንሳይን ከአዳማ ምን አገናኛት?» ትሉኝ ይሆናል። ባቡር አገናኛት፤ ከባቡሩም አስቀድሞ ደብተር አገናኝቷት እንደ ነበረ ወደ ፊት ታያላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ከጅቡቲ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ሥራው በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ በየጣቢያው ያለ ጸሐፊ ፈረንሳይኛ መጻፍ ነበረበት። «ፉርጎ» የምንለው ቃል፥ በአዲስ አበባም «ለገሃር» የምንለው የሰፈር ስም፥ ከዚያ ዘመን የወረስናቸው ናቸው። አባቴ በአዋሽ፥ በመተሐራ፥ በወለንጪቲ፥ በመጨረሻም ያን ጊዜ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ በጣቢያ ጸሐፊነት አገልግሏል። እርሱ ራሱ ዳዊት ከመድገም በቀር መደበኛ ትምህርት አልነበረውም፤ ፈረንሳይኛውን የለቀመው ከሥራ ነው። ልጁ ግን ከሥር ከመሠረቱ እንዲማር ፈልጎ በባቡሩ መስመር ካሉት ከተሞች በአንዱ በሚገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገባኝ።

በዚያ ትምህርት ቤት የቁም ጽሕፈት የሚያስተምሩን አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ መምህር ነበሩ። ቀለም እየጠቀስን፥ ብዕሩ ወደ ላይ ሲወጣ አቅለን፥ ወደ ታች ሲወርድ ተጭነን እንድንጽፍ ያዝዙናል፤ ጣቱ በቀለም የተበከለውን ልጅ ይቆጡታል። አንድ ቀን ከሳጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው በጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። አያታቸው በልጅነቱ፥ በ1850ዎቹ ዓመታት፥ የጻፈው የሒሳብ ደብተር ነበረ።

ወረቀቱ እንደ ሰፈፍ ቢጫ ሆኗል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የልጁ ስምና የመንደሩ ስም ተጽፏል፤ በስሙ ዙሪያ አንድ መስመር እየተጠማዘዘ፥ እየወፈረና እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻው ርግብ ይሆናል። ርግቢቱ ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ ብዕሩ ከወረቀቱ ሳይነሣ የተሣለች ናት። በውስጥም መደመር፥ መቀነስ፥ ማባዛት፥ ማካፈል፥ ሦስት ቁጥር ታውቆ አራተኛው የሚፈለግበትም ስሌት፥ እያንዳንዱ የየራሱ ያጌጠ ርእስ አለው። በአንዱ ገጽ ላይ የቀለም ጠብታ ወድቆበት ነበረ፤ ልጁም ጠብታውን ከመፋቅ ይልቅ ሌሎች ጠብታዎችና ቅጠል ጨምሮበት የወይን ዘለላ አድርጎታል። ከዘለላው ሥር ስለ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ትርፍ የሚጠይቅ ጥያቄ አለ። መልሱ ስሕተት ነው። መምህራችን ያን የአያታቸውን ስሕተት በጣታቸው እያሳዩን ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እኛ ልጆች ግን የሚያስለቅሰው ነገር ምን እንደ ሆነ አልገባንም ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴ የትምህርት ቤት ገንዘብ ሊከፍል መጣ። መምህሩም ደብተሩን አሳዩት። አባቴ ርግቢቱን ብዙ ጊዜ ተመለከታትና «ይህማ ሐረግ ነው» አለ። ሐረግ ማለት፥ እንደምታውቁት፥ በብራና መጻሕፍት አናት ላይ ጸሐፊዎቻችን የሚያደርጉት የተጠላለፈ የቀለም ጌጥ ነው። መምህሩ ሐረግ ምን እንደ ሆነ አያውቁም ነበርና አባቴ እርሳስ ተቀብሎ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሣለላቸው። ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ የሌላውን መስመር ሲከተል ሳይ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበረ። አባቴ ወደ አዳማ ሲመለስ ከገበያ አንድ ወፍራም ደብተር ገዝቶ የራሱን መጻፍ ጀመረ።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ ልግባ።

ደብተር የሚለው ስማችን ሥሩ ሩቅ ነው። ግሪኮች ቆዳን ዲፍቴራ ይሉት ነበር፤ ቃሉ በፋርስና በዐረብ አፍ እየዞረ ደፍተር ሆነ፤ የእኛም ደብተር ከዚያው ወገን ነው። ፈረንሳዮች ካዬ የሚሉት ቃል ደግሞ አራት ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፥ አራት ቅጠል አንድ ላይ ታጥፎ የሚሰፋበትን ጥራዝ ያመለክታል። የእኛም የብራና ጠራዦች ብዙ ጊዜ አራት ወይም አምስት ብራና አጥፈው ይሰፋሉ። እንዲህ የፈረንሳዩ ደብተርና የእኛ ብራና በአሠራራቸው ዘመዶች ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በብዙ የፈረንሳይ መንደር ማንበብ ብቻ የሚማር ልጅ አንድ ዋጋ ይከፍላል፤ መጻፍና ማስላት የሚጨምር ልጅ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ይከፍላል። ስለዚህ የድኻ ልጅ ማንበብን ተምሮ ሊቀር ይችላል፤ ብዕር የሚጨብጠው አባቱ የቻለለት ነው። ወረቀትም ውድ ነበረና ልምምዱ በጥቁር ሰሌዳና በጽላት ላይ ያልቃል፤ ወደ ደብተር የሚገባው ተጣርቶ የተወደደው ሥራ ነው። እንግዲህ አንድ ገበሬ የልጁን ደብተር ከልብስ ጋር በሣጥን ውስጥ ቢያስቀምጠው ምን ይደንቃል? ያወጣው ገንዘብ የሚታይበት ቦታ ሌላ የለውም።

በ1833 የትምህርት ሚኒስትሩ ጊዞ ባወጣው ሕግ እያንዳንዱ መንደርና ከተማ ለብቻው ወይም ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ የወንዶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲያቆም ታዘዘ። ያን ጊዜ ብዕሩ የዝይ ላባ ነበረ፤ ላባውን መቅረጽም የመምህሩ ሥራ ስለ ሆነ ከትምህርቱ ሰዓት ብዙውን ይበላበት ነበር። የብረት ብዕር ሲስፋፋ፥ በ1846ም በቡሎኝ ሱር ሜር ከተማ ፋብሪካ ሲቆምለት፥ መምህሩ ከቢላዋው ዐረፈ። የጽሕፈቱ ዓይነትም ብዙ ነበረ፤ ሮንድ የሚባለው ክብ ክብ ያለ ነው፤ ባታርድ ዘንበል ይላል፤ አንግሌዝ ማለት የእንግሊዞች የሚባለው ቀጭንና ተያያዥ ነው፤ ለርእስ ደግሞ ጎቲክ የሚባለው ጥቁርና ማዕዘናም ፊደል አለ። ጎበዝ ተማሪ በአንድ ገጽ ላይ አራቱንም ያሳያል።

ሁሉን ግን አላመሰግንም። ብዙዎቹ ያማሩ ገጾች ለወላጅና ለተቆጣጣሪ እንዲታዩ የተሠሩ ናቸው፤ ልጁ ትርጉሙን ሳያውቅ ግብረ ገባዊ አባባል ሃያ ጊዜ እየገለበጠ እጁ ይደክም ነበር። መልኩ ያማረ ደብተር ሁሉ ዕውቀት ያለበት አይደለም፤ ይህን በአዳማም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሙሉ ገጽ በአራት ዓይነት ቀለም አስጊጦ ጥያቄውን ሳይመልስ የሚያስረክበኝን ልጅ ስንት ጊዜ ቀጥቼ መለስሁት! አሁን ሳስበው ግን ቢያንስ ጌጡን ላመሰግንለት ይገባኝ ነበር።

ይሁን እንጂ እነዚያን ደብተሮች በዓመታቸው ተራ አስቀምጦ የሚያይ ሰው የአንድ አገር ታሪክ በልጆች እጅ ሲለወጥ ያያል። ከ1840 በፊት በተጻፈው ውስጥ ልጁ ርዝመትን በቱዋዝ፥ ክብደትን በሊቭር ያሰላል፤ እነዚህ እንደ እኛ ክንድና ቁና ያሉ የአባቶች መለኪያዎች ናቸው። ከጥር 1 ቀን 1840 ጀምሮ ሜትርና ኪሎግራም በሕግ ግዴታ ሲሆኑ ደብተሩም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አንዱን ወደ ሌላው መመለስ ያስተምራል። ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ አባቱን በአሮጌው መለኪያ ሲገበያይ ይሰማዋል፤ ጠዋት በአዲሱ ይጽፋል። ደግሞ በ1870 እና በ1871 ፈረንሳይ በጀርመን ተሸንፋ አልዛስንና ከሎሬን ከፊሉን ካጣች በኋላ የልጆቹ የጂኦግራፊ ትምህርት የሐዘን ትምህርት ሆነ። በ1887 ቤታኒዬ የተባለ ሠዓሊ አንድ መምህር በካርታ ላይ የጠቆረውን የጠፋ ግዛት ለተማሪው ሲያሳይ ሥሎታል። እንዲህ ያለውን ካርታ እየሣሉ ካደጉት ልጆች ብዙዎቹ በ1914 ዘምተዋል። ደብተር ሰላማዊ ነገር ብቻ አይደለም።

በ1881 እና በ1882 በዡል ፌሪ ሕግ ትምህርት ያለ ክፍያና ግዴታ ሆነ። በ1882 ደግሞ አንድ የሚያስቀና ደንብ ወጣ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አንድ ልዩ ደብተር ይሰጠዋል፤ በየወሩ የመጀመሪያውን ሥራ ያለማንም ርዳታ በዚያ ይጽፋል፤ ደብተሩም እስኪጨርስ ድረስ አብሮት ይሄዳል፥ በትምህርት ቤቱም ይቀመጣል የሚል ነው። የስድስት ዓመት ልጅ የተንጋደደ ፊደልና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የቀና ጽሕፈት በአንድ ጥራዝ ውስጥ ይገኛሉ ማለት ነው። እኔ በማስተምርበት ዘመን እንዲህ ያለ ደብተር ቢኖረኝ ኖሮ ስለ ተማሪዎቼ ስንት ነገር በዐወቅሁ። በ1892 ሰዬስ የተባለ አንድ የፖንቷዝ መጽሐፍ ሻጭ ያወጣው ባለ ጥቃቅን መስመር ደብተር ግን የጽሕፈቱን መጠን ለሁሉም አንድ አደረገው፤ የፈረንሳይ ልጆች እስከ ዛሬ በርሱ ይጽፋሉ። ልጆች ብቻም አልነበሩም፤ ወታደሮችና መርከበኞች የሚወዱትን ዘፈን በደብተር እየጻፉ መርከብና ባንዲራ በቀለም ይሥሉበት ነበር።

እነዚህ ሁሉ እንዴት እስከ ዛሬ ቆዩ? አንደኛው በየቤቱ ሣጥን ነው። ሁለተኛው ደግሞ በ1879 በፓሪስ ስለ ትምህርት የሚያሳይ ቤተ መዘክር መቆሙ ነው፤ ያ ቤተ መዘክር ዛሬ በሩዋን ከተማ ይገኛል። የነገሥታት ዘውድ በሚቀመጥበት አገር የልጅም ደብተር ቤት ተሠራለት።

አሁን ከባቡሩ በፊት ወደ አገራችን ስለ ገባው ደብተር ልናገር። በ1810 በደብሊን ከተማ የተወለደ አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። አርኖ ከጎጃሙ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ወታደር ሆኖ ሲኖር፥ አንቷን ግን ደብተርና መለኪያ ይዞ ዞረ። ጎንደር ተቀመጠ፤ እስከ እናርያና እስከ ከፋ ወረደ፤ በየተራራው አናት ቆሞ በዙሪያው የሚታዩትን ተራሮች ማዕዘን እየለካ መዘገበ። ከሁሉ ይልቅ ቃል ለቀመ፤ አማርኛ፥ ኦሮምኛ፥ ሌላም ቋንቋ፥ ከሊቁም ከነጋዴውም ከመንገደኛውም አፍ እየሰማ ጻፈ።

በ1848 ከአገራችን ሲወጣ ገዝቶም አስገልብጦም ያገኛቸውን የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ፤ በ1859 ባሳተመው ዝርዝር 234 ናቸው። ስለዚህ ነገር ልቤ ሁለት ነው። መጻሕፍቱ ከአገራቸው መውጣታቸው ያሳዝነኛል፤ በሌላ በኩል በጎንደር ከደረሰው ቃጠሎና ዘረፋ መትረፋቸውን እክድ ዘንድ አይቻለኝም። ስለ ደብተሮቹ ግን ቅሬታ የለኝም፤ እነርሱን የጻፈው ራሱ ነውና። ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ከአገራችን ከወጣ ከ33 ዓመት በኋላ፥ በ71 ዓመቱ፥ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በፓሪስ አሳተመ። በአንዳይ ባሠራው ግንብ ውስጥም ግድግዳው ላይ አማርኛ አስጽፏል። በዚያ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለው ቃል የማን ቃል ነው? ስማቸውን የማናውቃቸው የጎንደር ሰዎች በምድጃ ዳር የተናገሩት ነው። ደብተር ያልያዘው ድምፃቸው ሁሉ ጠፍቷል፤ የያዘው ተረፈ።

ይህን የሚያህል ሥራ የውጭ ሰው ብቻ የሚሠራው እንዳይመስላችሁ። ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ በቃሏ የምታውቃቸውን 500 ያህል የኦሮሞ ተረቶች፥ ዘፈኖች፥ ምሳሌዎችና እንቆቅልሾች ሰብስባ ጽፋለች፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው፥ በ1894 በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በታተመው በመጀመሪያው የኦሮምኛ ማስተማሪያ ገብተዋል። እኔ የሚሲዮን ተማሪ ነኝና በዚህ ነገር ጥቂት ብኮራ ትታገሡኛላችሁ።

ሌላው ደብተር ደግሞ ከእኛ ሸለቆ ጋር ይገናኛል። በሐረር ስሙ የሚታወቀው አርተር ራምቦ በ1854 በሻርልቪል ተወለደ። በአሥር ዓመቱ ገደማ የጻፈበት አንድ ደብተር እስከ ዛሬ ተጠብቋል። በዚያ ደብተር ላይ ትንሹ ራምቦ ላቲንና ግሪክ መማር ለምን እንደሚጠቅም እየጠየቀ ያማርራል፤ ወደ ፊትም በገንዘቡ ወለድ የሚኖር ሰው እንደሚሆን ይዝታል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሳቄ መጣ፤ ከኋላው ወንበር የሚቀመጡት ተማሪዎቼ ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ይህ ልጅ አድጎ ታላቅ ባለቅኔ ሆነ፤ ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላም ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ሆነ፤ በ1880 ሐረር ገባ። በ1885 መጨረሻ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ሲሰናዳ ከዓደን ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ አንድ መጽሐፍ ገዝተው እንዲልኩለት ለመነ። መጽሐፉ የዳባዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነበረ። ላቲን ለምን ይጠቅማል ያለው ያ ልጅ አማርኛ ፈለገ፤ ያም አማርኛ ከጎንደር ሰዎች አፍ ወደ አንድ ፈረንሳዊ ደብተር፥ ከደብተሩ ወደ ማተሚያ ቤት፥ ከማተሚያ ቤት ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ነው። በ1887 ጠመንጃውን አስረክቦ ሲመለስ፥ ዡል ቦሬሊ ከተባለ ሌላ ፈረንሳዊ መንገደኛ ጋር በምንጃር በኩል ወርዶ ከሰምንና አዋሽን ተሻግሮ በጨርጨር ወደ ሐረር ሄደ። ምንጃር ማለት ከአዳማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው፥ ጤፉን የምንበላው አገር ነው። ቦሬሊም በመንገዱ ዕለት ዕለት ይጽፍ ነበርና የጉዞ ማስታወሻው በ1890 ታተመ። ከንግዱ ይልቅ የተረፈው ጽሕፈቱ ነው፤ ራምቦ ራሱ ከጠመንጃው ያተረፈው ብስጭት ነበረ፤ በ1891 በማርሴይ ሆስፒታል በ37 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ስለ አባቴ ደብተር ልናገር፤ ሳልናገረው ባልፍ በወደድሁ ነበር።

አባቴ ደብተሩን ከሃያ ዓመት በላይ ጻፈ። ርእሱን በሮንድ ጽሕፈት በፈረንሳይኛ ይጽፋል፤ አናቱ ላይ ሐረግ ያደርጋል፤ ሐረጉ መጨረሻ ላይ ያችን ርግብ ይሥላል። ጽሑፉ ግማሹ አማርኛ፥ ግማሹ ፈረንሳይኛ ነበረ። በየጣቢያው ዙሪያ የሚበቅለውን ዛፍ ስም በኦሮምኛ ይጽፋል። አዋሽ ሞልቶ ባቡር ያዘገየበትን ቀን፥ የጤፍና የበርበሬ ዋጋ፥ በጣቢያው አድሮ ያለፈ እንግዳ የተናገረውን ነገር፥ ልጆቹ የተወለዱበትን ሰዓት ከባቡሩ መግቢያ ሰዓት ጋር ያያይዛል። እኔን የመዘገበበት ገጽ ላይ «የድሬዳዋው ባቡር ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ሲገባ» የሚል ነበረ።

የዛሬ 20 ዓመት ገደማ፥ አባቴ ካረፈ በኋላ፥ ቤት ለወጥን። የአሮጌ ፈተና ወረቀት፥ የተማሪ ደብተርና ጋዜጣ ሦስት ጆንያ ሞላ። ወረቀት በኪሎ የሚገዛ ሰው ጠራሁ። ደብተሩን ሳላየው ከወረቀቱ ጋር ሄደ ብል ይቀልልኝ ነበር፤ ነገር ግን አይቼዋለሁ። በእጄ ይዤ ከፍቼ ሁለት ገጽ አንብቤ «የጤፍ ዋጋ! አሁን ይህ ለማን ይጠቅማል?» አልሁ። ያን ጊዜ ታሪክ የሚባለው በመጽሐፍ የታተመው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለዚያውም የታሪክ መምህር ሆኜ! ወደ ጆንያው መለስሁት። ሰውዬው በሚዛን ሰቅሎ ሒሳቡን ሰጠኝ፤ በገንዘቡም ለአዲሱ ቤት የመጋረጃ ብረት ገዛሁበት። መጋረጃው እስከ ዛሬ አለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሄድሁ፤ በሞጆና በመቂ በኩል ያለው መንገድ ነው። በጀልባ ተሻግረን ቱሉ ጉዶ ወደሚባለው ደሴት ወጣን። በዚያ ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት የተጠበቁበት ነው፤ የዛይ ሰዎች በመከራ ዘመን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቱ ተሻግረው እንደ ተሸሸጉ ከአባት ወደ ልጅ ይተርካሉ። ዓሣ አጥማጅና ገበሬ የሆነ ሕዝብ፥ አብዛኛው ሊያነበው የማይችለውን የግዕዝ መጽሐፍ በታንኳ አሻግሮ ለብዙ መቶ ዓመት ጠበቀ። ማንበብ የምችለው እኔ የአባቴን ደብተር ለመጋረጃ ብረት ሸጥሁት። ከተማሪዎቼ አንዷ «ቲቸር፥ አመመዎት እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ጀልባው ነው አልኋት።

አንድ ቅጠል ግን ተርፏል። እኅቴ ከእኔ በአራት ዓመት ትበልጣለች፤ የምትኖረውም ሞጆ ነው። ባል ስታገባ እርሷ የተወለደችበት ቀን የተጻፈበትን ቅጠል አባታችንን ለምና፥ እርሱ ራሱ በምላጭ ቆርጦ ሰጥቷት ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበርና፥ የቆሎውን ወረቀት ካገኘሁ በኋላ ባለው እሑድ ሄጄ ጥፋቴን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ ተነሥታ ከቁም ሣጥኗ ውስጥ ሙዳይ አወጣች። እጄን ስዘረጋ ግን ሙዳዩን ወደ ራሷ ሳበችው።

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለችኝ። ታጠብሁ።

ሐረጉ ቀዩ ደብዝዟል፤ ጥቁሩ እንዳለ ነው። ርግቢቱም አለች። የተወለደችበት ቀን፥ ሰዓቱ፥ የጭነት ባቡሩ ቁጥር፥ የዚያ ሳምንት የጤፍ ዋጋ ሳይቀር ተጽፏል። ከግርጌው አንድ የቀለም ጠብታ ወድቋል፤ አባቴ ቅጠል ሊጨምርበት ጀምሮ፥ አንድ ቅጠል ሠርቶ፥ ሁለተኛውን በመካከል ትቶታል። ምናልባት ባቡር ደርሶበት ይሆናል።

የቆሎውን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋትና አብሮ እንዲቀመጥ ጠየቅኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«ሻላ ከላንጋኖ ይበልጣል እንዴ?» አለችኝ።

«ይበልጣል፥ እትዬ።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። «ይህ የሱፍ ዘይት ነክቶታል፤ የአባባን ያበላሽብኛል፤ ለብቻው ይቀመጥ» ብላ ሌላ ንጹሕ ወረቀት ልትፈልግ ወደ ጓዳ ገባች።